የቤት ለቤት ጤና አገልግሎት፦ ከብዛት ወደ ጥራት

አንድ የኅብረተሰብ አገልግሎት የሚመዘነው በአደባባይ በተሠራው ሕንፃ ስፋት፣ በግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ማማርና በዓመት መጨረሻ በሚቀርበው ዘገባ ርዝመት አይደለም። የሚመዘነው ከመደቧ ተነስታ ደጅ ለመውጣት አቅም ያጣች አራስ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ የሦስት ቀን ጨቅላና ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው አዛውንት በተኙበት ጎጆ ውስጥ በሚፈጸመው ተግባር ነው። ወደ ተቋሙ መምጣት የማይችለው ሰው ዘንድ ተቋሙ እንዴት ይደርሳል? ሲደርስስ ምን ያደርጋል? ያደረገው ነገር ጠቀመ ወይስ ሳይታወቅ ጎዳ? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥነው የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ፣ ይኸውም የአማራ ሳይንት ወረዳ ማዕከል የሆነችውን አጅባርን፣ የቦረና ወረዳ ማዕከል የሆነችውን መካነ ሰላምንና አካባቢያቸውን ነው። ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ምድር ደጋውና ቆላው ተቃርበው ይታያሉ፤ ለመድረስ ግን በገደል የተለያዩ ናቸው። በአንድ በኩል የዓባይ፣ በሌላ በኩል የበሽሎ ሸለቆ ይከቡታል። አንዱ ጎጥ ከሌላው ጎጥ በድምፅ እየተጠራራ፣ በእግር ግን ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ክረምት ሲገባ ጭጋግ ይወርዳል፣ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ የቤት ለቤት አገልግሎት ለምቾት ተብሎ የሚጨመር ተጨማሪ ነገር አይደለም። ለብዙው ሰው ከሕክምና ጋር የሚገናኝበት የመጀመሪያው በር ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ እዚህ ከተፈተነና ካለፈ በሌላውም ሥፍራ ያልፋል ማለት ይቻላል።

ከታሪኩ የምንማረው

የቤት ለቤት ጤና ጥበቃ ሐሳብ በአገራችን ትናንት የተወለደ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር መነሻው ሕመምተኛውን በሆስፒታል አልጋ ላይ ከመጠበቅ ይልቅ በሽታው በሚወለድበት መንደር ሄዶ መከላከል ይበልጣል የሚል ነበር። ይሁንና የሠለጠኑት ባለሙያዎች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለነበር ሐሳቡ ከጥቂት ከተሞች ዙሪያ ብዙም ሊርቅ አልቻለም።

ከጳጉሜን 1 ቀን 1970 እስከ መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. በአልማ አታ ከተማ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን መርሕ አድርጎ ሲያውጅ፣ በአገራችን የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ቀበሌዎች ከመካከላቸው የጤና ወኪሎችን እየመረጡ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ይልኩ ነበር። የልምድ አዋላጆችም ሠልጥነው ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ከሕዝቡ መካከል የወጣ፣ በሕዝቡ የተመረጠና ቋንቋውን የሚያውቅ ነበር። ነገር ግን ወኪሉ ደመወዝ አልነበረውም። ማኅበሩ ይደጉመዋል የተባለው በአብዛኛው ሥፍራ በወረቀት ላይ ቀረ። መድኃኒቱ አለቀ፣ ተቆጣጣሪው አልመጣም፣ ወኪሉም ወደ እርሻው ተመለሰ። በቅን ፈቃድ ብቻ የቆመ አገልግሎት ፈቃዱ ሲዝል አብሮ ይወድቃል፤ ይህን ትምህርት የከፈልንበት በመሆኑ ልንዘነጋው አይገባም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያስረዳል። በቻይና ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስማቸው የገነነው «ባለ ባዶ እግር ሐኪሞች» በገጠሩ ሕዝብ ጤና ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጡት በሠሩበት ቀን ልክ ከኮምዩናቸው የሥራ ነጥብ እየተቆጠረላቸው ይኖሩ ስለነበር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኮምዩኖቹ ሲፈርሱ የሐኪሞቹ መተዳደሪያ ፈረሰ፤ ሥርዓቱም ተናጋ። ኩባ በበኩሏ በ1984 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ሐኪምና ነርስ መርሐ ግብርን ስትጀምር ባለሙያዎቹን በመንግሥት ደመወዝ በሠፈሩ ውስጥ አኖረቻቸው፤ አገልግሎቱም ሊዘልቅ ቻለ። አገልግሎት ከምርትና ከበጀት ተነጥሎ በአየር ላይ እንደማይቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1995 ዓ.ም. የተነደፈው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዚህ ታሪክ አንድ ዐቢይ ትምህርት ቀስሟል። በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ እንዲሠራ፣ በየጤና ኬላውም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁና ለ1 ዓመት የሠለጠኑ 2 ሴት ሠራተኞች በመንግሥት ደመወዝ እንዲመደቡ ተደረገ። አገልግሎቱ በ16 ክፍሎች ተዘጋጀ። ሠራተኞቹም ከሥራ ጊዜያቸው 75 በመቶ የሚሆነውን ከኬላው ወጥተው በየቤቱ እንዲያሳልፉ ታቀደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ሥራ ተሰማሩ። በአገራችን ታሪክ ይህን ያህል ቁጥር ያላቸው የገበሬ ልጆች የሆኑ ሴቶች የጤና ባለሙያ ሆነው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲሰማሩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የብዛቱ ድልና ያላለቀው ሥራ

ውጤቱም ታይቷል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደተመለከተው በ1997 ዓ.ም. ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሱ። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5ኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ዝቅ ብሏል። ይህን ለውጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቻዋን አላመጣችውም፤ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ክትባቱም ድርሻ አላቸው። ያለ እርሷ እግር ግን ይመጣ ነበር ብሎ የሚከራከር አይኖርም።

ይሁን እንጂ በእነዚሁ ጥናቶች ውስጥ ሌላ እውነት አለ። በ2008 ዓ.ም. ከወለዱ 100 እናቶች መካከል በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ በባለሙያ የታዩት 17 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ በእጥፍ አድጎ 34 ደረሰ፤ ይህም ማለት ከ3 እናቶች 2ቱ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ቀናት ያለ ባለሙያ ዓይን ያሳልፋሉ ማለት ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በፍጥነት ሲቀንስ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ጨቅላዎች ቁጥር የቀነሰው እየተጎተተ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከ1,000 ጨቅላዎች 39፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 29 ሞተዋል። ከጨቅላዎቹ ሞት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ መሆኑም የታወቀ ነው። ይህ ሳምንት በአገራችን ባሕል የአራስ ቤት ሳምንት ነው። በጤና ጣቢያ የወለደችውም እናት ብትሆን በማግሥቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስለዚህ የጨቅላው ዕድል የሚወሰነው በዚያው በጎጆው ውስጥ ነው።

ነገሮች በብዛት ሲከማቹ በአንድ ደረጃ ላይ የጥራት ለውጥ እንደሚያስከትሉ ይታወቃል። ነገር ግን ይህ ለውጥ በራሱ ጊዜ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ የሰው ልጅ የነቃ ትግል ይጠይቃል። ኬላዎቹን ሠርተናል፣ ሠራተኞቹን አሠልጥነናል፣ ጉብኝቶቹን ቆጥረናል። አሁን የሚቀረው የጉብኝቱን ይዘት መመርመር ነው። አለበለዚያ አበው የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ እንዳሉት፣ አገልግሎቱ በዘገባው ላይ የተነጠፈ አልጋ፣ በቤቱ ውስጥ ግን የሚወጋ እሾህ ሊሆን ይችላል።

ጥራት በምን ይለካል?

አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባሉት ምሁር በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሕክምናን ጥራት በሦስት ወገን መመርመር እንደሚገባ አስረድተዋል። እነርሱም መዋቅር፣ ሂደትና ውጤት ናቸው። መዋቅር ማለት ለሥራው ያለው ሰው፣ መሣሪያና መድኃኒት ነው። ሂደት ማለት በሕመምተኛው ፊት በትክክል የሚደረገው ነገር ነው። ውጤት ማለት ደግሞ በመጨረሻ ሰውዬው ዳነ ወይስ አልዳነም የሚለው ነው። ይህን መለኪያ ከመጽሐፍ አውጥተን ወደ አንድ ቤት እንውሰደው።

በአጅባር ደጋ ከጤና ኬላው የ2 ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ጎጥ አንዲት እናት ከወለደች 3ኛ ቀኗን ይዛለች እንበል። ጎጆው ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ጭሱ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ጨቅላው በባና ተጠቅልሎ በእናቱ ጎን ተኝቷል። አማቷ ገንፎ ያገነፋሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከደጅ ቆማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ትላለች። ቤቱ የሙስሊም ቢሆን ሌላ ምርቃት ትመርቃለች፤ በወሎ ሁለቱንም የማያውቅ የለም። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ጉብኝት ሊካሄድ ይችላል።

የመጀመሪያው ጉብኝት 5 ደቂቃ ይፈጃል። ሠራተኛዋ «ልጁ ደኅና ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እናትየዋም በእንግዳ ፊት ስለ ልጇ ክፉ መናገር ስለማትፈልግ «ተመስገን» ትላለች። ስለ ክትባትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ምክር ይሰጣል፣ መዝገቡ ይሞላል፣ ጉብኝቱ ያበቃል። በወሩ መጨረሻ ይህ ጉብኝት አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

በሁለተኛው ጉብኝት ሠራተኛዋ በመጀመሪያ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ከዚያም አማቷን «እማማ፣ ልጁን ገልጬ ልየው፤ እርስዎም አብረውኝ ይዩ» ትላቸዋለች። የጨቅላውን ትንፋሽ ለ1 ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች፤ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ ነው። ሙቀቱን ትለካለች፤ ከ35.5 በታች መውረዱም ሆነ 37.5 እና ከዚያ በላይ መሆኑ አደጋ ነው። ክብደቱን ትመዝናለች፤ ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ተጣብቆ እንዲሞቅ ታሳያለች። እትብቱ ላይ ቅቤ ተቀብቶ እንደሆነ ትመለከታለች። እንገሩ ተጥሎ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሲጠባ ዓይኗ እያየ ታረጋግጣለች። ወደ እናትየዋ ዞራም ደሟን፣ ትኩሳቷንና የደም ግፊቷን ትመረምራለች። ይህ ጉብኝት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። በወሩ መጨረሻ ይህም አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

እንግዲህ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕይወት የሚያድነው ጉብኝትና ወረቀት የሚሞላው ጉብኝት በዘገባው ላይ እኩል ዋጋ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ የጨቅላ ሞት በበዛበት ሥፍራ በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረግ የቤት ጉብኝት ሞቱን ከ30 እስከ 61 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ከተደረጉት ጥናቶች በመነሳት ገልጸዋል። ነገር ግን በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ የተቆጠረው ሁለተኛው ዓይነት ጉብኝት እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም።

ደኅንነት፦ የማይጎዳ እጅ

ከጥራት የማይነጠለው ሁለተኛው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ለመርዳት የተዘረጋ እጅ ሊጎዳም እንደሚችል አምኖ መቀበል የሳይንሳዊ አስተሳሰብ መጀመሪያ ነው። በቪየና ከተማ አጠቃላይ ሆስፒታል በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል በ1846 እ.ኤ.አ. ከ100 ወላዶች ከ11 የሚበልጡት በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም በሽታውን የሚያመጡት ከሬሳ ምርመራ ተነስተው በቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል የሚገቡት የሐኪሞቹ የራሳቸው እጆች መሆናቸውን ደረሰበት። በ1847 እ.ኤ.አ. እጅ በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ አደረገ። በ1848 እ.ኤ.አ. ሟቾቹ ከ100 ወደ 1 ገደማ ወረዱ። ባልደረቦቹ ግን «እኛ ነን ወይ የገደልነው?» ብለው ተቆጡ እንጂ አላመሰገኑትም። ሂስን የማይቀበል ሙያ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ዛሬ በእኛ የቤት ለቤት አገልግሎት ውስጥም ተመሳሳይ አደጋዎች አሉ። ለአብነት ያህል፣ እትብት እንዳይመረዝ የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን የተባለው ቅባት በመጠቅለያው ከዓይን ቅባት ጋር ይመሳሰላል። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች በስሕተት በጨቅላዎች ዓይን ውስጥ ተጨምሮ ከባድ ጉዳት በማድረሱ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንድ ቅባት ለእናት ሲሰጥ በቃል ከመንገር አልፎ እትብቱን በጣት እያሳዩ «እዚህ ብቻ፣ ዓይን በፍጹም አይነካም» ማለት፣ እናትየዋም መልሳ እንድታሳይ ማድረግ ዕውርነትን የሚከላከል ተግባር ነው።

ሌላም አለ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው ማኅበረሰብ ተኮር የጨቅላ ሕፃናት ክብካቤ መሠረት፣ በከባድ ተሕዋስ የተያዘ ጨቅላ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ካልቻለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጄንታማይሲን በመርፌ፣ አሞክሲሲሊን በአፍ ለ7 ቀናት እንድትሰጥ ተፈቅዷል። ይህ ለአጅባር ዓይነት ሥፍራ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጄንታማይሲን መጠኑ ካለፈ ኩላሊትንና መስማትን ይጎዳል፤ 7ቱ ቀናት በ3ኛው ቀን ከተቋረጡ ደግሞ በሽታው ያገረሻል። ስለዚህ ሚዛን የሌላት ሠራተኛ ትክክለኛ መጠን ልትሰጥ አትችልም። ወንዝ ሞልቶ የቀረች ሠራተኛ ሕክምናውን ልትጨርስ አትችልም። ያገለገለውን መርፌ የምታስቀምጥበት የደኅንነት ሣጥን የሌላት ሠራተኛ በሽታን ከቤት ወደ ቤት ልትወስድ ትችላለች። ደኅንነት የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ ያልሆነውም ሚዛን፣ ሣጥንና ድልድይ ስለሚጠይቅ ነው።

የሠራተኛዋ የራሷ ደኅንነትስ? አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን ገደል ወርዳ ገደል እየወጣች፣ ውሻ ባለበት ግቢ እየገባች፣ በምሽት ምጥ ተነሳ ተብላ እየተጠራች ትሠራለች። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀበት ጊዜ የደረሰው የጤና ተቋማት ውድመት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የተከሰተው ግጭት መንገዷን የበለጠ አክብዶባታል። ለራሷ ዋስትና የሌላት ሠራተኛ ለሌላው ዋስትና እንድትሆን መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

የዘገባ በሽታ

ለመሆኑ የ5 ደቂቃው ጉብኝት ለምን ይበዛል? አንዳንዶች ሠራተኛዋ ሰነፈች፣ ተሰላቸች ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ነገሩን ከግለሰብ ጠባይ ብቻ የሚያይ ሰው ሥሩን ትቶ ቅጠሉን ይቆርጣል። ለአንድ ቀበሌ ሕዝብ፣ ይኸውም በግምት ለ5,000 ሰው፣ 2 ሠራተኞች ተመድበዋል። በእነርሱ ላይ የክትባት ዘመቻው፣ የምግብ እጥረት ልየታው፣ የመዝገቡ ሥራና ከወረዳ የሚመጣው ስብሰባ ሁሉ ይደራረባል። ከላይ የሚጠየቁት «ስንት ቤት ጎበኛችሁ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ስንት የሚል ከሆነ መልሱም ስንት ይሆናል። ቁጥር የሚጠይቅ አለቃ ቁጥር ያገኛል፤ ጨቅላው ግን በቁጥሩ ውስጥ የለም።

በ1 ለ5 የተደራጁት የልማት ቡድን ሴቶችም በዚሁ ቅራኔ ውስጥ ይገኛሉ። ነፍሰ ጡሯን የሚያውቋት፣ አራሷን የሚጠይቋት፣ ቃሬዛ የሚያስጠሩት እነርሱ ናቸው። ደመወዝ ግን የላቸውም። ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ጋግረው ሲጨርሱ በቀረችው ጊዜ ይህን ያደርጋሉ። የቀድሞው የጤና ወኪል በምን እንደወደቀ ከላይ ተመልክተናል። የሴት ጉልበት ከወንድ ጉልበት የረከሰ ይመስል ያንኑ ስሕተት በእርሷ ላይ መድገም አይገባም።

«በደሃ አገር፣ መንገድ በሌለበት ደጋ፣ ሠራተኛዋ ደጃፍ መድረሷ ራሱ በቂ ነው፤ ጥራት የከተማ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክርም እንሰማለን። ይህ አስተሳሰብ አዛኝ መስሎ ይቀርባል እንጂ በውስጡ ንቀት አለበት። እጅ መታጠብ ቅንጦት ነውን? ትንፋሽ ለ1 ደቂቃ መቁጠር ስንት ብር ይጠይቃል? እንዲያውም ጥራት ይበልጥ የሚያስፈልገው በደሃው ቤት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው አንዱ ቢያጠፋ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የአጅባር አራስ ግን ሁለተኛ ምርጫ የላትም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ኬላዎቹን በደረጃ ለማሳደግና የባለሙያውን ስብጥር ለማስፋት ማቀዱ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ዕቅዱ ግን ከፎቅ ወደ ጎጆ እስኪወርድ ድረስ ዕቅድ ብቻ ነው።

በመደብ ላይ የተኙት ሌሎች

እስካሁን ስለ እናትና ጨቅላ አተኮርን። በዚያው ቤት በሌላው ጥግ ግን አዛውንቱ ተኝተዋል። ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን ይዞታል። የሚያገላብጧቸው፣ የሚያጎርሷቸው፣ የሚያጥቧቸው ምራታቸው ወይም ልጃቸው ናቸው። በአልጋ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው እንደሚቆስል፣ ቀና ሳይል ውኃ ቢጠጣ ሳንባው ውስጥ ሊገባበት እንደሚችል ለዚች ሴት ማን ነገራት? በአዲስ አበባ ነርስና አስታማሚ በክፍያ ወደ ቤት የሚልኩ ድርጅቶች እየተስፋፉ መጥተዋል። የሠራተኛው ቤተሰብ ከደመወዙ ቆርሶ ሲከፍል የተላከው ሰው ሥልጠና እንዳለው፣ ፈቃድ እንዳለው፣ ጥፋት ቢፈጠር ተጠያቂው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። በአጅባር የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ የሚከፈለው የሴቷ ጀርባ ነው። ያልተከፈለ ሥራ ሥራ አይደለም ብሎ ማለፍ የአሮጌው ኅብረተሰብ ልማድ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች.አይ.ቪ. በየቤቱ ሰው ሲጥል በከተሞች እድሮች ከቀብር አልፈው ሕያዋንን ማስታመም ጀምረው ነበር። ነፃው የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ብዙ ሕመምተኞችን ያጠቡና ያጎረሱት የእድር ሴቶች ነበሩ። ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል ማኅበር ለታመመ ሰው ፈረቃ ሊያወጣ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ምን ይደረግ?

በወሎ ቅሬ የምንለው ማኅበር የዚህ ሥራ የተፈጥሮ መሠረት ነው። ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ባንድ ያሰባስባል፣ ቃሬዛ ያወጣል፣ የቀረውን ይቀጣል። ስለዚህ የቤት ለቤት አገልግሎትን የሚመዝን የመጀመሪያው ሸንጎ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በፊት ቅሬውና የሠፈሩ ማኅበር ሊሆን ይገባል። ሕዝቡ የአገልግሎት ተቀባይ ብቻ ሆኖ መቆየት የለበትም። የአገልግሎቱ መዛኝ መሆን አለበት። ለዚህም ረጅም ቅጽ አያስፈልገውም። በየወሩ ስብሰባ፣ እናቶች ራሳቸው በተገኙበት፣ የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ቢነሱ ይበቃሉ።

አንደኛ፣ በዚህ ወር ከወለዱት መካከል በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን የተጎበኙት እነማን ናቸው? ያልተጎበኙትስ ለምን?

ሁለተኛ፣ ጎብኚዋ እጇን ታጠበች ወይ? ጨቅላውን ገልጣ አየችው ወይስ ከደጅ ጠይቃ ሄደች?

ሦስተኛ፣ የተሰጠው መድኃኒት ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሰጥ ለቤቱ ሰው በሚገባ ተገልጿል ወይ?

አራተኛ፣ አደጋ ቢታይ ቃሬዛውን የሚሸከሙት እነማን ናቸው? ተሽከርካሪ ከሚደርስበት ሥፍራ እስከ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያም እስከ መካነ ሰላም ሆስፒታል የሚያደርሰው ማን ነው?

አምስተኛ፣ በዚህ ወር የሞተ ጨቅላ ወይም እናት ካለ፣ ሞቱን ለማስቀረት እያንዳንዳችን ምን ልናደርግ እንችል ነበር?

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በባሕላችን የጨቅላ ሞት «ፈጣሪ ወሰደው» ተብሎ በዝምታ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም እንባ እንኳ በወጉ አይወጣለትም። የእምነትን መጽናናት የሚነካ ማንም የለም። ነገር ግን መጽናናትና መመርመር አይጣሉም። ሞቱ ያልተጠየቀለት ጨቅላ ለተከታዩ ጨቅላ ትምህርት ሳይተው ይሄዳል። ጥያቄውም አንዷን ሠራተኛ ለመክሰስ መሆን የለበትም። ቅጣት የሚፈራ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ ይደገማል። ሂስና ግለ ሂስ ዋጋ የሚኖራቸው ሚዛን ያላቀረበው አለቃም፣ ቃሬዛ ለመሸከም የዘገየው ጎረቤትም፣ «ነገ ይሻለዋል» ያለው አባትም ድርሻቸውን ሲናገሩ ነው።

ከመንግሥት በኩልም የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ተቆጣጣሪው መዝገብ አገላብጦ ከመመለስ ይልቅ ከሠራተኛዋ ጋር አብሮ ቤት ይግባ፤ ስትመረምር ይይ፤ የጎደላትን በዚያው ያስተምር። የጉብኝቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይዘቱ ይዘገብ። ሚዛን፣ የሙቀት መለኪያ፣ ሳሙናና መድኃኒት ሳይቋረጥ ይቅረብ። ሩቅና ገደላማ ጎጥ የምትሠራ ሠራተኛ ከከተማ አጠገብ ካለችው እኩል አትለካ፤ ርቀቱ በሥራዋ ላይ ይቆጠርላት። በፈቃደኝነት የሚሠሩት ሴቶችም ለጉልበታቸው ተገቢው ዋጋ ይታሰብላቸው።

እነሆ ወደ ተነሳንበት ጎጆ እንመለስ። ውጭው ብርድ ነው፤ ጭጋጉ ከሸለቆው እየወጣ ነው። ሠራተኛዋ ጨቅላውን ገልጣ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ 62፣ 64። ለአማቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ትነግራቸዋለች። እሳቸውም ገንፎውን ትተው ከደጅ ወጥተው ይጣራሉ። ጎረቤት ይሰማል፤ ቃሬዛው ይወጣል። በዚህ ቅጽበት የዘገባው ቁጥር ምንም አይደለም፤ የሚያድነው የቆጠረችው እጅና የተጣራችው አማት፣ የተሸከመው ትከሻም ነው። ሦስቱ በየመንደሩ አንድ ላይ እስኪገኙ ድረስ፣ በየቅሬውና በየሠፈሩ ማኅበር ጥያቄውን አጥብቀን ማንሳት አለብን። አገልግሎት ከሕዝብ ይወጣል፣ ለሕዝብ ይሠራል፣ በሕዝብ ይመዘናል!